ከተጋባዡ ፕሮፌሰር ጋር ግማሽ ሰዓት ተይዞልኛል፤ ምን ይወራል?

የጣናዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ስዊድን ፒኤችዲ ላይ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዲፓርትመንቱ የዝግመተ ለውጥ ባዮሎጂ ነው። የምሠራው በጣና ዓሦች ላይ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ግን አይደሉም። ትልልቆቹ ባርበሶች፣ በሳይንስ ስማቸው ላቢዮባርበስ የሚባሉት ናቸው። ባሕር ዳር ስላደግሁ መጀመሪያ የተዋወቅኋቸው መጥበሻ ላይ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እዚህ ሐሙስ ሐሙስ ሴሚናር አለ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ይጋበዝና ሥራውን ያቀርባል። ሰዓቱ 13፡00 ተብሎ ይጻፋል፣ የሚጀምረው ግን 13፡15 ነው። «የአካዳሚ ሩብ ሰዓት» ይሉታል፤ ማርፈዱ ሕጋዊ ነው። የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ መጥቶ ዲግሪውን ይዟል።

ተጋባዡ ታዲያ አቅርቦ አይሄድም። ቀኑን ሙሉ እኛ ጋ ይውላል። ቀደም ብሎ በኢሜይል ሰንጠረዥ ይዞራል፣ ሊያነጋግረው የፈለገ ሰው ግማሽ ሰዓት መርጦ ስሙን ያስገባል። እኔ ሰንጠረዡን አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ ነበር የማልፈው። አሁን ግን ሱፐርቫይዘሬ ራሷ ስሜን አስገባችው። «ሳምንት 41፣ ሐሙስ፣ 10፡30» ይላል። (እነዚህ ሰዎች ወርና ቀን አይጠሩም፣ የሚቆጥሩት በሳምንት ነው። ሳምንት 41 የት ጋ እንደሚውል ለማወቅ እስካሁን ካላንደር እከፍታለሁ።)

ሰውየው ዕድሜውን ሲክሊድ በሚባሉት የቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሦች ላይ የጨረሰ ነው። ለማስተርስ ጽሑፌ ስሙን ያልጠቀስኩበት ገጽ የለም ማለት ይቻላል። አሁን ከእሱ ጋር ግማሽ ሰዓት፣ በር ተዘግቶ፣ ሁለታችን ብቻ። ምን ልበለው?

ሁለተኛው ነገር ሴሚናሩ ራሱ ነው። እስካሁን እጄን አውጥቼ አላውቅም። እንግሊዝኛው አይደለም የያዘኝ። አጠያየቃቸው ነው። በቀደም አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ገና የላብ ቁልፍ እንኳ ያልተሰጣት፣ ጸጉሩ የሸበተውን ፕሮፌሰር «ሦስተኛው ምስልህ አላሳመነኝም» አለችው። በቃ፣ እንዲህ ብላ። እኔ ወንበሬ ላይ ኩምትር አልኩ። እሱ ግን ስላይዱን ወደኋላ መለሰና «የቱ ጋ?» አላት። እኔ ሱፐርቫይዘሬን በስሟ መጥራት እንኳ መከራዬ ነበር። ስሟን ላለመጻፍ ኢሜይሌን «ሰላም» ብዬ ብቻ እጀምር ነበር።

ጆርናል ክለቡ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ጽሑፍ መርጠው ብልት በብልት ያወጡታል። በትልልቆቹ መጽሔቶች፣ ኔቸር ላይ ይውጣ፣ ሳይንስ ላይ ይውጣ ደንታም የላቸው። ናሙናው አነሰ፣ ስታቲስቲክሱ ተዛነፈ፣ ድምዳሜው ዘለለ። ሰዓቱ ሲያልቅ ደግሞ «ግሩም ሥራ ነው» ተባብለው ይነሳሉ። ግሩም ከሆነ ያ ሁሉ ምን ነበር?

ያለፈበት ሰው ይምከረኝ። «በራስሽ ተማመኚ» የሚለውን ግን ጠግቤዋለሁ።

ቡና በጨው፦

እህቴ፣ 10፡30 እኮ ፊካ፣ የቡና ዕረፍት ሰዓት ነው! በእኛ አራት ሰዓት ተኩል። ቢሮ ውስጥ ተዘግታችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ወደ ቡናው ክፍል ውሰጂው። ያ ቀረፋ ያለው ዳቦ አፉን ሞልቶት ማንም ከባድ ጥያቄ አይጠይቅም።

እኔም ስዊድን ነኝ፣ ኬሚስትሪ። ለማስፈራራት አይደለም፣ ግን ከአሁኑ ብትለምጂው ይሻልሻል። መጨረሻ ላይ ኦፖነንት የሚባል ሰው ከውጭ ይመጣና በሕዝብ ፊት ገጽ በገጽ ያፋጥጥሻል። ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። ከዚያ በፊት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍሽን በምስማር ሰሌዳ ላይ ትመቺዋለሽ። ቀልድ አይደለም፣ መዶሻ ይሰጡሻል። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ነው፣ ሊሞግት የፈለገ ሰው አንብቦ እንዲመጣ።

እውነት ብቻ፦

ከዝንጀሮ መጣን ለማለት ስዊድን ድረስ መሄድ ያስፈልጋል? አባቶቻችን የነገሩን አይበቃም?

ጭላዳ፦

«እውነት ብቻ»፣ ከዝንጀሮ መጣህ ያለህ የለም። ዘመድ ናችሁ ነው የተባለው፤ ዘመድ ደግሞ አይመረጥም። ወደ እህታችን ልመለስ።

የጣናዋ፣ እኔ ፒኤችዲዬን አሜሪካ ጨርሼ አሁን ጀርመን ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ያለ ተመራማሪ) ነኝ። የማጠናው እንስሳ ስሜ ላይ አለ፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ሣር ሲግጥ ታገኚዋለሽ።

የግማሽ ሰዓቱ ነገር ቀላሉ ነው። እስቲ በሰውየው ቦታ ሁኚ። ትናንት ማታ በአውሮፕላን ገብቷል። ከጠዋት ጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ አዲስ ሰው ይገባል፣ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ እሱ ዓሦች ነው። እሱ ስለ ራሱ ዓሦች ማውራት ታክቶታል። ከሰዓትም ስለ እነሱ ሊያወራ ነው። ያልሰማው ነገር ቢመጣለት ደስታውን አይችለውም። ያልሰማው ነገር ያለው ደግሞ አንቺ ጋ ነው።

ላፕቶፕ አትክፈቺ። ላፕቶፕ ሲከፈት ፓስወርድ፣ ቻርጀር፣ «ይቅርታ ይሄ አሮጌው ፋይል ነው» እየተባለ ሰባት ደቂቃ ይሄዳል። አንድ ወረቀት ያዢ። ላዩ ላይ የሐይቁ ካርታ ይኑር፦ ርብና ጉማራ የሚገቡበት፣ ዓባይ የሚወጣበት፣ ዝቅ ብሎ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ያለበት። ከሥሩ የዓሦቹ የጭንቅላት ቅርጽ በመስመር ተስሎ። ወረቀቱን ወደ እሱ አዙረሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲልሽ ሁለት ደቂቃ ተናገሪና ዝም በይ። እስክሪብቶ አውጥቶ ወረቀትሽን መሞነጫጨር ከጀመረ በቃ፣ ሰዓቱ አይበቃችሁም።

አንድ ነገር ግን ጠብቂ። «ከየት ነሽ?» ይላል። «ኢትዮጵያ» ትያለሽ። «ኦ፣ ሉሲ!» ይላል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። «አዎ፣ ሃዳር፣ 1974፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት» ብለሽ ቶሎ ወደ ዓሣሽ ተመለሺ። አለበለዚያ ግማሽ ሰዓቱ በድንቅነሽ ያልቃል። በእኔ ላይ ስንቴ ደርሷል።

ለመሆኑ ምን በእጅሽ እንዳለ ልብ ብለሻል? ባርበሶችሽ ከካርፕ ቤተሰብ ናቸው፤ የካርፕ ቤተሰብ ዓሣ ደግሞ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው፣ ጨጓራ የሚባልም የለውም። እንዲህ ያለ ዓሣ ሌላ ዓሣ አሳድዶ ይበላል ቢባል ማን ያምናል? ጣና ውስጥ ግን ከ15ቱ የባርበስ ዝርያዎች ስምንቱ ዓሣ በሊታ ናቸው። ከታች በፏፏቴው ተዘግቶባቸው፣ እርስ በርሳቸው ምግቡን ተከፋፍለው። ሐይቁ ደግሞ ከ16 እስከ 17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር፤ ከታች ያለው ደለል ተቆፍሮ ታይቷል። ቪክቶሪያም በዚያው ዘመን አካባቢ ደርቆ ነው እንደገና የሞላው፣ ዛሬ ወደ 500 የሚጠጉ የሲክሊድ ዝርያዎች አሉበት። እንግዳሽ ዕድሜውን ሙሉ ሲታገል የኖረው ከዚህ ጋር ነው፦ በዚህ አጭር ጊዜ ይህ ሁሉ ዝርያ ከየት መጣ? አንቺ ሌላ ሐይቅ፣ ሌላ ዓሣ፣ ያንኑ ድርቀት ይዘሽ ቢሮው ትገቢያለሽ። እኔን ከጠየቅሽኝ ግማሽ ሰዓቱን መለመን ያለበት እሱ ነው።

አሁን ወደ ሴሚናሩ። ለምን እንዲህ እንደሚፋጠጡ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኔ ከመጣሁበት ትምህርት ቤት አቅራቢን መጠየቅ ማዋረድ ነበር። የእኛ ሙያ ግን አንድ ችግር አለበት። የምናጠናው ነገር አንዴ ሆኖ አልፏል፣ ማንም አላየውም። ስለዚህ ማንም ተነስቶ ያማረ ታሪክ መናገር ይችላል። «የዚህ ዓሣ አፍ ወደ ላይ የዞረው ላይ ላዩን ስለሚበላ ነው።» ተረት ተረት። የላም በረት። አፉ እንዲያ የሆነው በተፈጥሯዊ ምርጫ ነው? በጄኔቲክ ድሪፍት፣ እንዲሁ በአጋጣሚ ነው? ጫጩት ሆኖ የበላው ምግብ ነው ቅርጹን የሰጠው? ወይስ ከሌላ አካል ለውጥ ጋር ተጎትቶ የመጣ ነው? ባዮሎጂስቶቹ ጉልድና ሌዎንቲን በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የጮኹት በዚህ ነው፤ ሁሉን ነገር «ለጥቅም የተሠራ ነው» ማለት ይቁም ብለው። የጄኔቲክስ ሊቁ ኪሙራ ደግሞ በ1968፣ በሞለኪውል ደረጃ አብዛኛው ለውጥ ጥቅምም ጉዳትም የለውም አለ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት «ምርጫ ነው» የሚል ሰው ሌላውን ሁሉ አስወግዶ መምጣት አለበት። ያቺ ልጅ ፕሮፌሰሩን አልደፈረችውም። ሥራዋን ነው የሠራችው። እሱም የሚፈልገው ያንን ነው፤ መጽሔት ላይ ስሙን የማያውቀው ገምጋሚ ከሚይዘው እዚያው ክፍል ውስጥ ቢያዝ ይሻለዋል።

የጆርናል ክለቡም «ግሩም ሥራ ነው» ቀልድ አይደለም። መጥፎ ጽሑፍ እኮ ማንም አይመርጥም።

ምን ብዬ ልጠይቅ ላልሽው፣ እኔ ሁሌ ኪሴ ውስጥ የምይዘው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ተሳስተህ ቢሆን ኖሮ መረጃው ምን ይመስል ነበር?» ስለ የትኛውም እንስሳ ይሠራል። ሁለተኛው ስለ ቁጥር ነው። አቅራቢው «200 ዓሣ ለካሁ» ይላል። እሺ፣ ግን የመጡት ከስንት ሐይቅ ነው? ከሁለት ከሆነ ያለው ሁለት የማስረጃ ነጥብ ነው። ዝርያም እንዲሁ ነው። ባዮሎጂስቱ ፌልሰንስታይን በ1985 ያስቸገረን በዚህ ነበር፦ ዘመዳማ ዝርያዎች የሚመሳሰሉት ከአንድ እናት ስለወጡ ሊሆን ይችላል፣ እያንዳንዱን ራሱን እንደቻለ ማስረጃ አትቁጠሩት አለ። የአንቺም 15 ዓሦች 15 ነጥብ አይደሉም። ይሄ ጥያቄ ወደ አንቺም እንደሚመጣ ጠርጥሪ።

ነገሩ ብዙ ጊዜ መደገም የሚችልበት ቦታ አለ፤ ባዮሎጂስቱ ሌንስኪ በ1988 የጀመረው የባክቴሪያ ሙከራ ነው። ከአንድ ኢ. ኮላይ 12 ጠርሙስ አስነስቶ ለየብቻ አሳደጋቸው። ከ30 ሺህ ትውልድ በኋላ በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሲትሬት የሚባለውን ንጥረ ነገር መብላት ቻለ። በሌሎቹ 11 አልሆነም። አንዱን ብቻ ይዘን ቢሆን ኖሮ «ይሄማ የግድ ነበር» ብለን ታሪክ እንሠራለት ነበር። እኔና አንቺ ያለን አንድ ጠርሙስ ነው።

የጣናዋ፦

ጭላዳ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ።

ዓሦቹ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከአንተ ይልቅ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ስለሆነ። ሄክሳፕሎይድ ናቸው። እኛ ክሮሞሶማችን ጥንድ ጥንድ ነው፣ የእነሱ ስድስት ስድስት። ሲቆጠር 150 አካባቢ ይደርሳል። የዘረመል ፕሮግራሞቹ ደግሞ አብዛኞቹ የተጻፉት ለጥንድ ነው።

ናሙናውን የሰበሰብኩት በክረምቱ ማብቂያ ነው፣ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ሲወጡ። ጉማራ አፍ ላይ ውኃው ቡላ ነው፣ እጅህን ብታስገባ ጣትህን አታየውም። አጥማጆቹ መረባቸውን የሚጥሉት እዚያው መግቢያው ላይ ነው፤ ዓሣው ደግሞ ገና እንቁላሉን አልጣለም። (ለዓመታት በዚህ መልክ ስለተያዘ ነው የቀነሰው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እምቦጭ ነው፣ ይሄኛውን የሚያነሳው የለም።) ከክንፉ ጫፍ ቁራጭ ቆርጬ አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ እከታለሁ። ቁጥሩን በእርሳስ ነው የምጽፈው፣ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይጠፋል። አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ከጎኔ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ይሄና ያኛው አንድ አይደሉም፣ ለምን አንድ ሣጥን ውስጥ ትከቻቸዋለሽ?» አሉኝ። ለእኔ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበሩ። ለይቼ ያዝኳቸው። ትክክል ይሁኑ አይሁኑ ጂኖሙ፣ ሙሉ ዘረመሉ፣ ይነግረናል።

አራት ኪሎ ነባር፦

ልጄ፣ ጭላዳ ደህና አድርጎ ነግሮሻል። ሁለት ነገር ልጨምርልሽ።

የመጀመሪያው፣ ጠያቂ ሁሉ እውነት ፈላጊ አይምሰልሽ። እኛ ጋ ሴሚናር ማስተርስ ላይ ውጤት የሚሰጥበት ኮርስ ነው። ተማሪው ሱፉን ለብሶ ይመጣል፣ ከፊት የተቀመጡት መምህራን ይጠይቁታል፣ ጓደኞቹ ዝም ይላሉ። ነገ የእነሱ ተራ ነዋ። መጨረሻ ላይ አንዱ ይነሳና «በመጀመሪያ ዕድሉ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ፤ አንድ ጥያቄና ሦስት አስተያየት አለኝ» ይላል። ሦስቱ አስተያየቶች ይመጣሉ። ጥያቄው አይመጣም። እኔ ይሄ የእኛ አገር በሽታ ይመስለኝ ነበር። ቤልጅየም ለትምህርት ስሄድ ያንኑ ሰውዬ ፈረንጅ ሆኖ አገኘሁት። «ይሄ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ ጀመረና ስለ ራሱ ሥራ አሥር ደቂቃ አወራ። ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አሳየችው፣ አላያትም። እንዲህ ዓይነቱ ቢገጥምሽ «አመሰግናለሁ፣ አስብበታለሁ» ብለሽ ቀጣዩን ጥሪ።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ሰውየው ሥራሽን ከወደደው «ትንሽ ቲሹ፣ ከክንፉ ቁራጭ፣ ላኪልኝ» ማለቱ አይቀርም። በደስታ ብዛት እሺ እንዳትዪ። ናሙናው የወጣው በፈቃድ ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሳይፈቅድ ለሦስተኛ ወገን አይተላለፍም። ፈቃድሽን አውጥተሽ እንደገና አንብቢው፤ ለምን ጥናት፣ ለየትኛው ተቋም እንደተሰጠ በግልጽ ተጽፏል። እነሱም እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀውን የናጎያ ፕሮቶኮል፣ ስለ ዘረመል ሀብት አጠቃቀም የተደረሰበትን ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ያውቁታል፣ ስለዚህ አትሸማቀቂ። የጤፉ የባለቤትነት መብት ኔዘርላንድስ ተመዝግቦ ስንት ዓመት እንዳነታረከን ታስታውሻለሽ። «መረጃውን አብረን እንሥራው፣ ቲሹው በፈቃድ ይሁን» በይው። ጨዋ ተመራማሪ ከሆነ ይሄ አያስከፋውም። ከተከፋ ደግሞ መከፋቱን በጊዜ ማወቅሽ ደግ ነው።

ለአጥማጁ የሰጠሽውን ጆሮ ወድጄዋለሁ። ስማቸውን በምስጋናው ገጽ ላይ አስገቢ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ።

የጣናዋ፦

ጋሼ፣ እርስዎ ባይነግሩኝ ኖሮ እሺ ልል ነበር። ፈቃዱን አውጥቼ አነበብኩት፤ ልክ እንዳሉት ነው።

ቡና በጨው፦

ሐሙስ አለፈ እኮ። ምን ሆነ? ዳቦውን በላ?

የጣናዋ፦

ዳቦውን አልበላም፣ ስኳር አይበላም አሉ። ቡናውን ግን ጠጣ።

ወረቀቱን ገና ሳስቀምጠው «ስድስት ቅጂ ክሮሞሶም? እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። ሉሲን አላነሳም። (ጭላዳ፣ አበላሸኸኝ፤ መልሱን ሸምድጄ ነበር።) ከዚያ እንዳልከው እስክሪብቶ አወጣ። የዘር ሐረግ ዛፍ ሣለና ቅርንጫፎቹን እርስ በርስ በመስመር አገናኛቸው። ዝርያዎቹ እርስ በርስ መዳቀላቸውን ነበር የሚያሳየኝ። ዓሣ በሊታዎቹ ከአንድ አባት የወጡ ናቸው ወይስ ለየብቻ ነው ዓሣ መብላት የጀመሩት አለኝ። ለየብቻ ከሆነ ከአንድ በላይ ነጥብ አለሽ፣ ከአንድ ከሆነ ስምንቱም አንድ ነጥብ ናቸው። ጭላዳ ስላስጠነቀቀኝ አልደነገጥኩም። የያዝኩትን የመጀመሪያ ውጤት ነገርኩት፣ እስካሁን ምን እንደማይለይም ጭምር።

ቲሹውን ጠየቀ፣ ጋሼ። ባሉኝ ቃል መለስኩለት። «ልክ ነሽ፣ እኛም ታንዛኒያ ላይ ወረቀቱን ስናሯሩጥ ነው የምንከርመው» አለና ሱፐርቫይዘሬን በኮፒ አስገብቼ እንድጽፍለት ነገረኝ።

ከሰዓት በሴሚናሩ እጄን አወጣሁ። ድምፄ ትንሽ ቀጥኗል። «ቪክቶሪያ ደርቆ ከነበረ፣ በዚህ አጭር ጊዜ ይሄን ሁሉ ዝርያ ለማውጣት አዲስ ሚውቴሽን፣ አዲስ የዘረመል ለውጥ፣ እንዴት ይበቃል?» አልኩት። አይበቃም ነው ያለው። ልዩነቱ አዲስ አይደለም። ሐይቁ ሳይደርቅ በፊት፣ እጅግ ቀድሞ፣ ሁለት የተራራቁ የሲክሊድ ዘሮች ተገናኝተው ተዳቅለዋል። ቀይና ሰማያዊ ብርሃን የሚለየው የዓይን ጂን ሁለት መልኮች ከሁለቱ ወላጆች የመጡ ናቸው። ሐይቁ ሲሞላ የሆነው ያ አሮጌ ልዩነት በአዲስ አደራደር መከፋፈሉ ነው። እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን ስላይድ አላየሁም። ስድስት ቅጂ ክሮሞሶም የያዘ ዓሣ ስንት አሮጌ ልዩነት ሊሸከም እንደሚችል ነበር የማሰላው።

ስንወጣ ያቺ «አላሳመነኝም» ባዪዋ ልጅ የቡናው ክፍል በር ላይ ያዘችኝ። ስለ ዓሦቼ ስትጠይቀኝ ቆየችና ስለ ሽማግሌው አጥማጅ ስነግራት «እሳቸውን በጭፍን ፈትነሻቸዋል ወይ?» አለችኝ። ማለትም ቁጥር ብቻ ያላቸውን ፎቶዎች ሰጥቼ እንዲለዩ፣ ከዚያ ከጂኖሙ ጋር ማነጻጸር። ነደደኝ፣ ምክንያቱም ጥሩ ሐሳብ ነው። የሚቀጥለው ክረምት ላይ አደርገዋለሁ።

አሁን የፒኤችዲዬ የግማሽ ጊዜ ሴሚናር ሳምንት 47 ላይ ነው (ኅዳር መሆኑ ነው፣ አየሁት)። ከዚያ በፊት የጂኖታይፕ ነገር፣ እያንዳንዱ ዓሣ የትኞቹን የጂን ቅጂዎች እንደያዘ የመለየቱ ሥራ፣ መልክ መያዝ አለበት። ስድስት ቅጂ ባለው ነገር ላይ ጂኖታይፕ ያወጣ ሰው እዚህ አለ?

ጭላዳ፦

ጥንድ ነው ብለሽ እንዳታስኬጂው። ፕሮግራሙ አያለቅስም፣ ዝም ብሎ ቁጥር ይሰጥሻል፣ ቁጥሩ ግን ከንቱ ነው።

ዓሣ ሠሪዎችን ተዪና ወደ ሰብል ሰዎች ሂጂ። እነሱ ከእኛ በፊት ተቸግረውበታል። የዳቦ ስንዴም ስድስት ነው፣ ስኳር ድንችም ስድስት ነው። ግን አወራረሳቸው ለየቅል ነው። የስንዴው ስድስት ቢሆንም ሦስት ጥንድ ሆኖ ነው የሚወርደው፣ እያንዳንዱ ከራሱ ጥንድ ጋር ብቻ ይገናኛል። የስኳር ድንቹ ከማንኛውም ጋር ይጣመራል። ለስንዴ ዓይነቱ ሦስቱን ክፍሎች ለያይተሽ በየጥንዱ ማስኬድ ትችያለሽ፣ ጥሩ ሬፈረንስ (ማመሳከሪያ) ጂኖም ካለሽ። ለስኳር ድንች ዓይነቱ እንደ አፕዶግ ያሉ፣ የቅጂውን መጠን የሚገምቱ ፕሮግራሞች አሉ፤ አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ነው የሚሠሩት። የዲኤንኤ ንባብሽ ጥልቀት ይፈልጋል፣ ማለትም አንዱ ቦታ ብዙ ጊዜ መነበብ አለበት። በየቦታው አሥር አሥር ንባብ ብቻ ከሆነ ሁለት ቅጂን ከሦስት ቅጂ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ዓሣሽ ወደ የትኛው እንደሚያደላ እወቂ። እናትና አባታቸው የታወቀ ጫጩቶች ካሉሽ ከእነሱ ይታያል። ከሌሉሽ በሚቀጥለው ክረምት አጥማጆቹ ጋ ስትሄጂ የበሰለ ወንድና ሴት ጠይቂያቸው፤ ባልዲ ውስጥ እንቁላሉን ማዳቀል ከባድ አይደለም። በፈቃዱ ላይ ግን ጫጩት የሚል መኖሩን እዪ፣ ጋሼ እንዳይቆጡሽ።